«ሻንጣዎን ይፍቱ»፦ ስለ አሜሪካ ካቶሊኮች ድምፅ ለጻፋችሁልኝ

ባለፈው እትም «ፔንስልቬንያን ማሸነፍ የፈለገ የካቶሊኮቹን ሰፈር ይዙር» ብዬ በአንድ መስመር በማለፌ የደብዳቤ ናዳ ወረደብኝ። ከፊሉ የተቆጣ፣ ከፊሉ የጠየቀ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ዓሣ አጠባበስ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ሁሉንም ማተም ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ አዲስ አበባ ተወልጄ በካቶሊክ ካቴድራል አጥቢያ አደግሁ። ከ1996 ጀምሮ የምኖረው ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው በኢሪ ከተማ ነው። 19 ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በምርጫ ቀን የመራጮችን ስም መዝገብ ይዤ ጣቢያ እቀመጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«እትዬ፣ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ‹የአሜሪካ ካቶሊኮች የሮማው ጳጳስ ያዘዟቸውን ነው የሚመርጡት› ብለው ሲከራከሩ ዋሉ። ከአምስት አሜሪካዊ አንዱ ካቶሊክ ከሆነና ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቃል ከታዘዘ፣ ምርጫው በቫቲካን እጅ ነው ማለት አይደለም?» (ከደብረ ብርሃን)

መምህር፣ ተማሪዎችዎን አንድ የዐቢይ ጾም ዓርብ ወደ ቁምስናችን፣ ማለትም ወደ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ምድር ቤት ብወስዳቸው ክርክሩ በዚያው ምሽት ያልቅ ነበር። እዚህ አገር የላቲን ሥርዓት (የምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት) ተከታዮች በጾሙ ዓርብ ሥጋ አይበሉም። ዓሣ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ግን አልተከለከለም። ነፍሷን ይማርና እናቴ ይህን ብታይ «ጾም» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር። እናም በየዓርቡ የየቁምስናው ምድር ቤት ምግብ ቤት ይሆናል፦ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣ፣ የድንች ጥብስ፣ የጎመን ሰላጣ፣ ከፖላንዶቹ የወረስነው ድንች በሆዱ የያዘ ፒሮጊ። የምክር ቤት ዕጩው፣ የዳኝነት ዕጩው፣ የኮንግረስ ዕጩው ሁሉ በዚያ ያልፋል። እጅ ይጨብጣል፣ ሳህን ይገዛል፣ አንዳንዱም ሳይቀምሰው ይሄዳል። እኔ ማንን እንደማልመርጥ የምወስነው ያን ጊዜ ነው።

መጥበሻው ላይ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከባቡር ሞተር ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዴሞክራት ነበር፤ በ2016 ወደ ትራምፕ ዞረ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ የመኪናዋ የኋላ መስታወት በዴሞክራት ዕጩዎች ተለጣፊ ተሸፍኖ መንገዱን እንዴት እንደምታይ አላውቅም። ዐሥራ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ሲጠብሱ ኖረዋል። እሑድ ከአንድ መሠዊያ ይቆርባሉ። እንግዲህ ከሁለቱ የጳጳሱን ትእዛዝ የሚፈጽመው የትኛው ነው?

ትእዛዙ ራሱ የለም። በ1954 በወጣ ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት፣ ቤተ ክርስቲያናትን ጨምሮ፣ ዕጩ መደገፍም መቃወምም ተከልክለዋል። በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ የዚህን ሕግ ትርጓሜ ለአብያተ እምነት ሲያላላ የአሜሪካ ጳጳሳት ወዲያው እኛ ግን ዕጩ አንደግፍም ብለው መግለጫ አወጡ። የሚያወጡት ስለ ሕሊና የሚያስተምር ረጅም ሰነድ ነው፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር በመግቢያ ይታደሳል። ፅንስ ማቋረጥን መቃወም ቀዳሚው ጉዳይ እንደሆነ ይላል። ቀጥሎም ስደተኛውን፣ ድሀውን፣ ዘረኝነትን፣ የሞት ቅጣትን ያነሣል። ሽማግሌው የሚወደውን ገጽ ያገኝበታል፤ ነርሷም የምትወደውን ታገኛለች። አንብበው የጨረሱትን ግን በእጄ ጣቶች እቆጥራቸዋለሁ።

ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በየመኪናው መጥረጊያ ሥር ወረቀት ተሰክቶ እናገኛለን፦ በአንድ በኩል የአንደኛው ዕጩ ፎቶ፣ በሌላው የተቃዋሚው፣ በመካከል የምልክት ሠንጠረዥ። ይህን የሚያሰራጩት ከቁምስናው ውጪ ያሉ ቡድኖች ናቸው። ቆሞሳችን በተናደዱ ቁጥር «የመኪና ማቆሚያው የመንበረ ታቦት ያህል ይከበር» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

መጀመሪያ የመረጥሁት በ2004 ነው፤ ዜግነት ባገኘሁ ማግሥት። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ጆን ኬሪ ካቶሊክ ነበር፣ ያውም ልጅ ሳለ ቅዳሴ ያገለገለ። ፅንስ ማቋረጥ በሕግ እንዲፈቀድ ይደግፍ ስለነበር የሴንት ሉዊሱ ሊቀ ጳጳስ ሬይመንድ በርክ ቁርባን እንደማይሰጡት ተናገሩ። ሌሎች ጳጳሳት በዚህ አልተስማሙም። ያን ሰሞን በወጥ ቤታችን ሰው ሁሉ የሥነ መለኮት ሊቅ ሆኖ ነበር። ድንች እየላጥን ስለ ቁርባን ስንከራከር ምጣዱ የተቃጠለበት ቀን አለ። ውጤቱ ሲመጣ፣ ካቶሊኩ ኬሪ ከካቶሊኮች ድምፅ 47 በመቶ አገኘ፤ ሜቶዲስቱ ጆርጅ ቡሽ 52 በመቶ ወሰደ። በየሳምንቱ ቅዳሴ ከሚሄዱት ዘንድ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋ ነበር። ኦሃዮ ላይ ቡሽ ያሸነፈው 118,000 ገደማ ድምፅ በልጦ ነው፤ ኦሃዮን ቢያጣ ፕሬዚዳንትነቱም አብሮ ይሄድ ነበር።

ከዚያ በፊት በ2000 አብዛኞቹ ካቶሊኮች ለዴሞክራቱ አል ጎር፣ ከዚያ በኋላ በ2008 እና በ2012 ለኦባማ፣ በ2016 ለትራምፕ ሰጡ። ለተማሪዎችዎ ይህን ይንገሯቸው፦ የታዘዘ ሕዝብ እንዲህ አይወዛወዝም። ይልቅ ገበያ ሲሄዱ የሚያዩትን ያስቡ። ጤፍ ሻጯ ሚዛኑ እኩል ከቆመ በኋላ ለምርቃት አንዲት ጭብጥ ትጨምራለች፤ ሚዛኑ የሚያጋድለው በዚያች ጭብጥ ነው። በአሜሪካ ምርጫ ካቶሊኮች ያች ጭብጥ ናቸው። ኃይላቸው የመጣው አንድ በመሆናቸው ሳይሆን ለሁለት ስለተከፈሉ ነው።

«እትዬ ሰላም ለአንቺ ይሁን። የምሠራበት ቤት ውስጥ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ጋር ተወራረድን። እሷ ኬኔዲ ያሸነፈው ካቶሊክ ስለሆነ ነው ትላለች፤ እኔ ካቶሊክ ሆኖም አሸነፈ እላለሁ። ማን ይከፍላል?» (ከሻርጃ)

ልጄ፣ ሁለታችሁም ክፈሉና ሻይ ጠጡበት።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋሽ። በ1884 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጄምስ ብሌይን ኒው ዮርክ ላይ የአይሪሽ ካቶሊኮችን ልብ ለማግኘት ጥሩ ዕድል ነበረው፤ እናቱ ካቶሊክ ነበረች። ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው የፕሮቴስታንት ቀሳውስት ቡድን በሆቴል ተቀበለው። ሳሙኤል በርቻርድ የተባሉ የፕረስቢቴሪያን ቄስ ዴሞክራቶችን «የአረቄ፣ የሮማዊነትና የዐመፅ ፓርቲ» አሏቸው፤ በእንግሊዝኛው ሦስቱም ቃላት በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ለአፍ ይጥማል። ብሌይን ልብ አላለውም ይሁን ድካም ይዞት፣ መልስ አልሰጠም። ዴሞክራቶች ግን ጸሐፊ ልከው ነበርና ቃሏ ተመዘገበች፣ ታተመች፣ እሑድ በየካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ታደለች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ኒው ዮርክ ብሌይን የተሸነፈው ከ1,200 ባነሰ ድምፅ ነው። ኒው ዮርክን ቢያገኝ ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። የሽንፈቱ ምክንያት ይህች ንግግር ብቻ ናት ብዬ አልምልም፤ በዚያች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ሁሉም ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ ወዲህ ዕጩዎች ከጎናቸው የቆመው ቄስ ምን እንደሚል ጆሯቸውን አቅንተው ይሰማሉ።

በ1928 ዴሞክራቶች የኒው ዮርኩን ገዥ አል ስሚዝን አቀረቡ። ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የአንዱ ዕጩ ለመሆን የበቃ የመጀመሪያው ካቶሊክ ነው። በገጠር እንዲህ ተባለ፦ እሱ ከተመረጠ ጳጳሱ ዕቃቸውን ሸክፈው ዋሽንግተን ይገባሉ። አዲስ ተከፍቶ ከነበረው ከኒው ዮርኩ የሆላንድ ዋሻ አጠገብ የተነሣው ፎቶግራፍ ሳይቀር «ይኸው ወደ ቫቲካን የሚያደርሰው የባሕር ሥር መንገድ» ተብሎ ዞረ። ስሚዝ ክፉኛ ተሸነፈ። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ቨርጂኒያ፣ ለዴሞክራት እንጂ ለሌላ አይሰጡም የተባሉት የደቡብ ግዛቶች፣ ለሪፐብሊካኑ ሁቨር ገቡ።

እንግዲህ ኬኔዲ በ1960 ሲነሣ የፓርቲው አለቆች ያስታውሱ የነበረው ይህን ነው። በዊስኮንሲን የፓርቲ ውስጥ ምርጫ አሸነፈ፤ ግን የረዱት የካቶሊክ ወረዳዎች ናቸው ተባለና ድሉ እንደ ሽንፈት ተቆጠረበት። ስለዚህ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ወረደ፤ የማዕድን ቆፋሪዎች አገር፣ ካቶሊክ በጣት የሚቆጠርበት። እዚያ ፊት ለፊት ተናገረው፦ ባሕር ኃይል ስገባ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ወንድሜም የመጨረሻ በረራውን ሲያደርግ ማንም አልጠየቀውም። የአባቱም ገንዘብ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ይህንንም መደበቅ ታሪክ መዋሸት ነው። የፓርቲ ተፎካካሪውን ሁበርት ሃምፍሪን ከ60 በመቶ በላይ ይዞ ረታው።

ቀጥሎ ሂውስተን። መስከረም 12 ቀን 1960 በመቶዎች በሚቆጠሩ ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ፊት ቆመ። እኔ የካቶሊኮች ዕጩ አይደለሁም፤ የዴሞክራት ፓርቲ ዕጩ ነኝ፣ ካቶሊክም ሆኜ የተገኘሁ አላቸው። ሕሊናዬና የአገሬ ጥቅም የሚጋጩበት ጊዜ ቢመጣ ሥልጣኔን እለቃለሁ አለ። ከዚያ ጥያቄ ተቀበለ፤ ብዙዎቹ ጥያቄዎች ጨዋነት የጎደላቸው ነበሩ፣ እሱ ግን አልተቆጣም። ዘመቻው ይህንኑ ፊልም እያባዛ በየከተማው በቴሌቪዥን አሳየ። ለምን መሰለሽ? ፕሮቴስታንቱን ለማረጋጋት ብቻ እንዳይመስልሽ። ካቶሊኩ እቤቱ ቁጭ ብሎ የእሱ ልጅ በሰባኪዎች ፊት ሃይማኖቱን ሲመረመር እንዲያይም ነው። እኔ ከመላው ዘመቻ ብልኅ የምለው ይህን ነው።

በ1956 ከካቶሊኮች ለዴሞክራቱ የሰጡት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። በ1960 እንደ ጋሉፕ (የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት) መጠይቅ 78 በመቶው ለኬኔዲ ሰጡ። ፕሮቴስታንቶች በብዛት ሸሹት፤ ቴነሲን፣ ኬንተኪን፣ ፍሎሪዳን፣ ቨርጂኒያን አጣ። በምላሹ ካቶሊክ የበዛባቸውን ትልልቆቹን አገኘ፦ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ፔንስልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ኢሊኖይ። በአገር ደረጃ ከሪፐብሊካኑ ከኒክሰን የበለጠው ከ68 ሚሊዮን ድምፅ ከ120,000 ባነሰ ነው። ሃይማኖቱ በአንድ እጅ ነሣው፣ በሌላው ሰጠው፤ የሰጠበት ቦታ የሚቆጠርበት ቦታ ሆነ። ለዚህ ነው ሁለታችሁም ትክክል የሆናችሁት።

እኔ እዚህ ስመጣ ኬኔዲ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግን አልጋ ላይ የዋሉ አይሪሽ ሽማግሌዎችን ልጠይቅ ስሄድ የኬኔዲና የጳጳሱ የዮሐንስ 23ኛ ፎቶግራፍ በአንድ ግድግዳ ጎን ለጎን ተሰቅሎ አይቻለሁ። እኛም እኮ ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ሰይመንለታል።

«ባይደን ካቶሊክ ነው። መቁጠሪያ በኪሱ ይዞ ይዞራል ይባላል። ታዲያ ካቶሊኮቹ ለምን በአንድ ድምፅ አልመረጡትም? አጭር መልስ እፈልጋለሁ፤ ባለፈው ረጅም ጽፈሽ አሰልችተሽኛል።» (ስም ያልጠቀሱ አንባቢ)

የ1960ው ካቶሊክ የተናቀ ስደተኛ ልጅ ስለነበር የወገኑን ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ማየት ይርበው ነበር። የ2020ው ካቶሊክ ጠግቧል፤ ከዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ስድስቱ ካቶሊክ ናቸው፣ በ2012 የሁለቱም ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች፣ ባይደንና ፖል ራያን፣ ካቶሊክ ነበሩ። ስለዚህ ሃይማኖቱን ሳይሆን አቋሙን ጠየቁት። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንድ ቄስ በ2019 ቁርባን ከልክለውታል። በ2020 የመራጮች መጠይቆቹ ራሳቸው አልተስማሙም፦ አንዱ ባይደን ጥቂት በለጠ ሲል ሌላው ትራምፕ ጥቂት በለጠ አለ። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። አጠረ?

«እህታችን፣ እኔ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ነኝ፤ ከ20 ዓመት በላይ ሜሪላንድ ኖሬአለሁ። በየአራት ዓመቱ እመርጣለሁ፤ ማንም ዕጩ ግን በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። አንቺ ጋ ምን ተገኝቶ ነው ያን ሁሉ ወረቀት የሚልኩልሽ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ ቅናትህ ይገባኛል፤ ግን በጥቅምት ወር አንድ ሳምንት እኔ ቤት ብታድር ታዝንልኛለህ። ስልኩ ይጮኻል፣ የፖስታ ሣጥኑ አይዘጋም፣ በሩ ይንኳኳል። አንድ ቀን ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በስፓኒሽ አንኳኩተውብኛል፤ ፊቴን አይተው ስፓኒሽ የገመቱት ልጆች ነበሩ። ወጥ አብልቼ ሸኘኋቸው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ከመላው አገር በተሰበሰበው ድምፅ ሳይሆን በየግዛቱ በሚገኘው የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ መሆኑን ታውቃለህ፤ ከ538 ቢያንስ 270 ያስፈልጋል። ሜሪላንድ 10 አላት፤ ከ1992 ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ለዴሞክራት ሰጥታለች። ማንም በተዘጋ ጉዳይ ላይ ገንዘብ አያፈስም። ፔንስልቬንያ ግን 19 አላት፤ ሁልጊዜ በክር ላይ ትንጠለጠላለች። በ2016 ትራምፕ እዚህ ሂላሪ ክሊንተንን የበለጣት በ44,292 ድምፅ ነው፤ ዊስኮንሲን ላይ በ22,748፣ ሚሺጋን ላይ በ10,704። ሦስቱን ደምረው፤ 78,000 አይሞላም። ያን ዓመት ከ136 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጧል። በፔንስልቬንያና በዊስኮንሲን ደግሞ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ካቶሊክ ነው። ቀያሪ መራጭ ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር አትርሳ፦ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይደመራል። እናም ከ23,000 ያነሱ ሰዎች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ፔንስልቬንያ ትገለበጥ ነበር። የእኛ ኢሪ አውራጃ ለኦባማ ሁለቴ ሰጠ፣ በ2016 ለትራምፕ ከ2,000 ባነሰ ልዩነት፣ በ2020 ለባይደን ከ1,500 ባነሰ፣ በ2024 ተመልሶ ለትራምፕ። የ2020ውን ሌሊት ጣቢያ ላይ ነበርሁ፤ ልዩነቱ እኛ በጥቂት ዓርቦች ዓሣ ከምናበላው ሕዝብ አይበልጥም።

እነዚህ ካቶሊኮች እነማን ናቸው ካልኸኝ፣ የፖላንድ፣ የጣሊያን፣ የአይሪሽና የጀርመን የልጅ ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው ማኅበር አደራጅተው ለዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ለሩዝቬልት የመረጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ልጁ ወደ ከተማ ዳርቻ ሲወጣ፣ በ1973 ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው ውሳኔ ሲመጣ ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን ተንሸራተቱ። ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬገን ከቫቲካን ጋር ሙሉ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የጀመረው በ1984 ነው፤ የምርጫ ዓመት መሆኑን ልብ በል። አንዳንዴ ግን የሚያስቆጣቸው ሃይማኖት ሳይሆን የአያት አገር ነው። ጎረቤቴ ፖላንዳዊት አሮጊት እስከ ዛሬ የምታወራው በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ በክርክር ላይ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ቁጥጥር ሥር አይደለም ያለበትን ሌሊት ነው። አባቷ ከወንበሩ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋውና «ይህ ሰው ክራኮቭ ደርሶ ያውቃል?» አለ። ሪፐብሊካን መርጦ የማያውቅ ሰው ያን ዓመት ሊጀምር አስቦ ነበር፤ ተወው። የፎርድ ተቃዋሚ ዴሞክራቱ ካርተር ኦሃዮን የወሰደው 11,000 ገደማ ድምፅ በልጦ ነው።

ስለ ሜሪላንድህ ግን አንድ ነገር ልንገርህና ተጽናና። በ1634 የእንግሊዝ ካቶሊኮች መሸሸጊያ እንድትሆን የተመሠረተች ናት። በ1856 ደግሞ ካቶሊክ ስደተኞችን ለመቃወም የተነሣው «አላውቅም ባዮች» የሚባለው ፓርቲ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ፊልሞርን ሲያቀርብ ያሸነፈበት ብቸኛ ግዛት የትኛው መሰለህ? ሜሪላንድ። አባላቱ ስለ ማኅበራቸው ሲጠየቁ «አላውቅም» ይሉ ስለነበር ነው ስሙ የወጣላቸው።

«እትዬ፣ የሐዋሳ ተማሪ ነኝ። አሁን ጳጳሱ ራሳቸው አሜሪካዊ ናቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ካቶሊኮች እሳቸውን አይሰሙም?»

ልጄ፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ጳጳስ ፍራንሲስን ሲሰሙ አይቻለሁና ከዚያ ልጀምርልህ። በየካቲት 2016 ከሜክሲኮ ሲመለሱ፣ ድልድይ ሳይሆን ግንብ ብቻ መሥራትን የሚያስብ ሰው ክርስቲያን አይደለም አሉ። በሜክሲኮ ድንበር ግንብ እሠራለሁ ይል የነበረው ትራምፕ ተቆጣ። በኅዳር አብዛኞቹ ካቶሊኮች ለትራምፕ ሰጡ። በመስከረም 2024 ከሲንጋፖር ሲመለሱ በአውሮፕላን ውስጥ ስለ አሜሪካው ምርጫ ተጠየቁ፤ ስደተኛውን የሚያባርረውም፣ ሕፃናትን የሚገድለውም፣ ሁለቱም የሕይወት ተቃዋሚ ናቸው፣ የሚያንሰውን ክፉ ምረጡ፣ የትኛው እንደሆነ እያንዳንዱ በሕሊናው ይወስን አሉ። በወጥ ቤታችን ሽማግሌው «ሰማሽ፣ ሕፃናትን አሉ» አለ፤ ነርሷ «ሰማህ፣ ስደተኛውን አሉ» አለች። ዓሣው ተጠበሰ። በዚያ ምርጫ፣ እንደየመጠይቁ ቢለያይም፣ ትራምፕ ከካቶሊኮች ከ54 እስከ 59 በመቶ አገኘ።

ሊዮ 14ኛ ግንቦት 8 ቀን 2025 ተመረጡ፤ የቺካጎ ልጅ ናቸው፣ ፔሩ ውስጥ ብዙ ዘመን ሰብከዋል። ፅንስ ማቋረጥን እቃወማለሁ እያለ የሞት ቅጣትን የሚደግፍ ሰው በእውነት ለሕይወት የቆመ አይደለም ብለው በዚያው ዓመት ተናግረዋል። የአሜሪካ ጳጳሳትም በኅዳር 2025 ባልቲሞር ላይ ተሰብስበው በጅምላ ስደተኛን ማባረርን የሚቃወም መልእክት አወጡ። ከእንግዲህ «ጳጳሱ አገራችንን አያውቁትም» ማለት አይቻልም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን እኔ ለውጡን የምጠብቀው ከስብከቱ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ የምእመናን ወንበር ነው፤ ማን ተቀምጦበታል? ከአሜሪካ ካቶሊኮች ከሦስት አንዱ ያህል ላቲኖ ነው። ነጮቹ ካቶሊኮች ከዐሥር ስድስት ያህሉ ለሪፐብሊካን ይሰጣሉ። ላቲኖዎቹ ለረጅም ዘመን ተቃራኒውን ሲያደርጉ ኖሩ፤ በ2024 ግን ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። በቴክሳስ ድንበር ላይ ያለውና ሕዝቡ ሁሉ ላቲኖ ነው የሚባለው የስታር አውራጃ ከ1892 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪፐብሊካን ሰጠ። የዕንቁላልና የቤት ኪራይ ዋጋ ነው ያሉ አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የማባረር ዘመቻ እነዚሁን ሰዎች ወዴት እንደሚገፋቸው በሚቀጥለው መዝገብ ላይ አያለሁ፤ ቁምስናችን ውስጥ የስፓኒሽ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው እንደ ድሮው ደጅ ቆሞ አያወራም፣ ቶሎ ቶሎ ወደ መኪናው ይገባል።

እርማት። ባለፈው እትም አል ስሚዝ «ቢያንስ የራሱን ኒው ዮርክን አሸንፏል» ብዬ ነበር። ከጎንደር አንድ አንባቢ አርመውኛል፤ አመሰግናለሁ፣ አፍሬአለሁም። ስሚዝን አራት ጊዜ ገዥ አድርጋ የመረጠችው ኒው ዮርክ በ1928 ለሁቨር ነው የሰጠችው፤ ከሰሜን ያገኛቸው ካቶሊክ የበዛባቸው ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ብቻ ናቸው። እኚሁ አንባቢ የርእሱን ቀልድ እንድነግራቸው ጠይቀዋል። ሽንፈቱ በታወቀ ማግሥት በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ይወራ የነበረ ነው አሉ፦ ስሚዝ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ለሮማው ጳጳስ አጭር ቴሌግራም መታ፤ «ሻንጣዎን ይፍቱ»።